ለሀናን ግቢ ፍለጋ ለንደን የሰነበትኩበት ሳምንት

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ሻይ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ከድጃ፣ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ስለ ንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ትልቁ ሰዓት እንዳወራላቸው ነው የሚፈልጉት። እውነቱን ለመናገር እኔ በአብዛኛው ያየሁት በር ነው። የፊት በር፣ የጓሮ በር፣ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚከፈት በር፣ ደወል ደውለው የሚጠብቁት በር። አሳንሰርና ሽንት ቤትም እንደ ጉድ አይቻለሁ። ሥራዬ እሱ ነበር፤ የወንድሜን ልጅ ሀናንን ይዤ፣ ወይም እሷ እኔን ይዛ፣ በዊልቼር የሚኖሩበት ዩኒቨርሲቲ ስንፈልግ ነው የሰነበትነው።

እኔ ደሴ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በሦስት ዓመቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስለወሰደብኝ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ለንደን ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሀናን አንድ ልጁ ናት፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ኬሚስትሪ መማር ፈልጋ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋት ነበርና አንዱን ለመምረጥ ጥቂት ቀን ሲቀራት ደወለችልኝ። አባቷ ትልቅን ሰው አንቱ በይ እያለ ቢያሳድጋትም አማርኛዋ ከእንግሊዝ አገር ዝናብ ጋር ስላደገ «አንቱ» ትልና ግሱን በ«አንቺ» ትጨርሰዋለች። «አክስቴ፣ አንቱ ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ፤ ደረጃ ማለት ምን እንደሆነም ታውቂያለሽ። ከቤታችን ከአንቱ ሌላ ማንም ሁለቱንም አያውቅም። ነዪልኝ» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የሚቀር ሰው የለም።

ዓርብ

ከደሴ ኮምቦልቻ የወሰደኝ ባለታክሲ የድሮ ተማሪዬ ነው። የሃረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ «ቲቸር፣ ለንደንም እንዲህ ዳገት ነው?» አለኝ። «ሜዳ ነው ይላሉ» አልኩት። «እንግዲህ ለእርስዎ የተሠራ ከተማ ነዋ!» አለና ሳቀ። ቦሌ ስደርስ አንዲት ልጅ ዊልቼር ገፍታ መጣች። አልቀመጥም አልኳት። እውነት ለመናገር ዕድሜዬን ሙሉ ዊልቼር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ደሴ ላይ ዊልቼር ማለት ቁልቁለቱ ይዞት የሚጠፋ፣ ድንጋዩ ይዞ የሚያስቀረው ነገር ነው። ኩራትም አለበት፤ አልደብቅም።

ቅዳሜ

ሂትሮው ጠዋት አረፍን። ከአውሮፕላኑ እስከ ፓስፖርት መስኮቱ ያለው መተላለፊያ ከፒያሳ እስከ ቤቴ ይረዝማል ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሽማግሌ ጋናዊ ሠራተኛ ዊልቼር ይዞ ቀረበኝ፤ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም አልኩት። እሱም ባዶውን ዊልቼር እየገፋ ጎን ለጎን ይከተለኝ ጀመር። እኔ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ላብ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ ቀና ብዬ አየሁት። «እማማ፣ እኔ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እስከ መውጫው ድረስ ስለ ልጅ ልጆቹ ሲያወራልኝ ሄድን።

መውጫው ላይ ሰይድ፣ ባለቤቱ ራሕመትና ሀናን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ቆመው አልኩ እንጂ ሀናን ተቀምጣ ነበር፤ ግን ቀድማ የደረሰችብኝ እሷ ነች። ተላቀስን፣ ተሳሳምን። ለመተቃቀፍ ሁለቱንም ክራንች ከምሰሶ ጋር አስደግፌ ነበርና ስንሄድ በአንድ ጎን ሰይድን ተደግፌ አንዱን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ያወቅነው መኪናው መንገድ ከገባ በኋላ ነው። ሰይድ ደወለ። ባለቤት የሌለው ዕቃ ተብሎ ተነሥቷል፣ ፎርም ሙሉ አሉት። እኛ አገር ቢሆን አንድ ሰው ክራንቹን በአየር እያወዛወዘ ከመኪናችን ኋላ ይሮጥ ነበር። እዚህ ደግሞ ዕቃው አይጠፋም፣ ግን አይገኝም።

ቤታቸው ቶተንሃም ነው፣ ምድር ቤት። ወጥ ቤቱን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ምድጃውም፣ ዕቃ ማጠቢያውም፣ መክተፊያ ጠረጴዛውም ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ሀናን ሥሩ ገብታ ሽንኩርት ከተፈችና በሰፈሩ ቱርኮች ዳቦ ቤት በተጋገረ ትኩስ ዳቦ እንቁላል ፍርፍር አቀረበችልኝ። በርበሬው የእኔ ነው፤ ሻንጣ ሙሉ ይዤ ነበር። ራሕመት «እኔ ነኝ እዚህ ቤት እንግዳ፤ ሳበስል እንደ ሶላት ሩኩዕ ጎንበስ ብዬ ነው» አለች።

እሁድ

ጠዋት ሰይድ የቤቱን ጓሮ ላሳይሽ ብሎ ወጣን። የሚያሳየኝ ጓሮ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ያለውን ነበር።

«እታለም፣ አንቺን ትሰማሻለች። ቅርቡን ምረጪ በያት» አለኝ። ከሦስቱ አንዱ ከቤታቸው በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ሁለተኛው መሀል ከተማ ያለ ስመ ጥር ነው፣ ራሕመት የምትመኘው። ሦስተኛው ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ባተርሲ አካባቢ ነው፤ እዚያ ከገባች ዶርም ነው የምታድረው።

«ፈረቃዬን አስተካክዬ ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ማታ አመጣታለሁ። አንቺን በጀርባዬ አዝዬ ስንት ዓመት ትምህርት ቤት አመላልሼ የለ? ለልጄ አቅቶኝ ነው?»

ልክ ነው፣ አመላልሶኛል። አባታችን ክራንች እስካሠራልኝ ድረስ፣ እሱ የስምንት እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ከሆንበት ጊዜ ጀምሮ፣ ያንን ዳገት በሰይድ ጀርባ ነው የወጣሁት። ምን እላለሁ? «መጀመሪያ አይቼ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሀናን አሮጌ ዊልቼሯን ከዕቃ ቤት አወጣችልኝ። በአንድ ክራንች ለንደንን መዞር እንደማይሆን ሁላችንም ገብቶን ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ አሠለጠነችኝ። «ጎማውን ሳይሆን ቀለበቱን ያዢ። አንቱ፣ መሬት መሬት አትዪ! ወደምትሄጂበት ነው የምታዪው!» ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቁጣ ተቀበልኩ። አንድ ዙር ጨርሼ ጉራ ልነፋ ስል ከጎረቤት ቆሻሻ በርሜል ጋር ተላተምኩና ሁለታችንም፣ በርሜሉም እኔም፣ ወደቅን። የጃማይካ ተወላጇ ጎረቤት ሚስ ዶሮቲ በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። እኔን ካነሡ በኋላ በርሜሉን አነሡና «እሱም ደኅና ነው» አሉኝ።

ሰኞ

ሰይድ ፈቃድ ወስዶ ወደ ቅርቡ ግቢ በመኪና ወሰደን። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም አልጽፍም፤ በአንድ ቀን ጉብኝት ሰው ማማት አይገባም።

ግቢው ሜዳ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሰዉ ትሑት ነው። የተቀበለችን ሴትዮ ለሀናን የስም ካርድ፣ ለእኔ ሻይ፣ ለሰይድ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ይዛ ነው የጠበቀችን። ሰይድ ፊቱ በራ። እኔም «ይኼማ ጀነት ነው» አልኩ በሆዴ። እኔ የተማርኩበት ግቢ ቤተ ሙከራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የሚባል አልነበረም፤ አራት የክፍሌ ልጆች ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር የሚያወጡኝ፤ አንዱ ሲታመም ሙከራው ይቀርብኝ ነበር።

ከዚያ ቤተ ሙከራውን እንይ አልን። ሴትዮዋ ምድር ቤት ያለ አንድ ትንሽ ክፍል ከፈተችልን። አዲስ ነው፣ ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ነው፣ ሁሉም ነገር አለ።

«የሌሎቹ ተማሪዎች ቦታ የታለ?» አለች ሀናን።

«እነሱ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ያኛው አሮጌ ስለሆነ ጠረጴዛዎቹ አይለወጡም። አንቺ ግን የራስሽ ክፍል አለሽ። ረዳት ባለሙያ እየመጣ ያግዝሻል።»

«ብቻዬን?»

«ጸጥ ያለ ነው» አለች ሴትዮዋ በቅንነት። ሰይድም «ጸጥታ ለትምህርት ጥሩ ነው» ብሎ አጸደቀው።

ሀናን አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ኬሚካል ሲቀላቅሉ መሳሳትና መሳቅ፣ ጓደኛ የሠራውን ሠርቆ ማየት፣ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ሲሸት መስኮት ለመክፈት መጋፋት፤ ይኼ ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊቀር ነው እያልኩ ነበር። ስንመለስ መኪናው ውስጥ የተናገረው ሰይድ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ግቢ መሀል ከተማ ነው፤ ሰይድ ሥራ ስለነበረው ከሀናን ጋር በምድር ውስጥ ባቡር ሄድን። ካርታው ላይ አሳንሰር ያላቸው ጣቢያዎች የዊልቼር ምልክት አላቸው፤ የሌላቸው የትየለሌ ናቸው። ሀናን ካርታውን የምታነበው እኛ በክረምት የወንዝ መሻገሪያን እንደምናነበው ነው፤ ይኼ ያልፋል፣ ይኼ አያልፍም።

ሕንፃው ሲያዩት ያስፈራል፣ ዓምዱና ቅርጹ። ፊት ለፊቱ አሥራ አራት ደረጃ ነው። ቆጠርኩት፤ ደረጃ መቁጠር የኖረ ልማዴ ነው። የእኛ በር በጓሮ ነው የሚል ጽሑፍ አገኘን። ዞረን፣ የቆሻሻ መጣያዎቹን አልፈን፣ ደወል አየንና ደወልን። ማንም የለም። ዝናብ ጀመረ። ደግመን ደወልን። ሀናን ስልክ ደወለች፤ ስልኩ ሙዚቃ ያጫውታል። እንዲያ እንዳለን አንድ የባንግላዴሽ ሰው ነጭ ሽርጥ ለብሶ ድንች ልጣጭ ሊደፋ በሌላ በር ወጣ። እኛንም አየ። ልጣጩን መሬት ላይ አስቀመጠና በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተው።

«በወጥ ቤት በኩል ትገባላችሁ?»

«በጭስ ማውጫም ቢሆን» አለች ሀናን።

እንግዲህ ወደዚያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በድስትና በመጥበሻ መሀል ነው። ሰውዬው ዊልቼራችን ሲንጠባጠብ አይቶ ያለ ምስር ሾርባና ሩዝ አላሳልፍም አለ። ሾርባው ከሙን በዝቶበት ከእኛ ይለያል እንጂ ወላሂ ቤቴን አስታወሰኝ። ዘግይተን ደረስን። ፕሮፌሰሩ ንግግራቸው ማር ነው፤ ሀናን ዓይኗን አልነቀለችም። ነገር ግን አሳንሰሩ በብረት ፍርግርግ የሚዘጋ፣ አንድ ዊልቼር ብቻ የሚይዝ፣ ሰው ጎትቶ የሚዘጋው ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱም የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ነው።

ማታ ራሕመት በጉጉት «እንዴት ነበር?» አለች። «ሾርባው በጣም ጥሩ ነው» አለች ሀናን።

ረቡዕ

ይኼን ቀን በደንብ ልተርከው፤ የጠፋሁበት ቀን ነውና።

እስከ ቪክቶሪያ በባቡር ሄደን ከዚያ አውቶቡስ መያዝ ነበረብን። የለንደን አውቶቡስ መሀል በሩ ላይ ራምፕ የሚሉት ተንሸራታች መወጣጫ አለው፤ ሰማያዊ ቁልፍ ሲጫኑ ከሆዱ እንደ ምላስ ይወጣል። ግሩም ነው። ግን ዊልቼር የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። እኛ ሁለት ነን።

ሹፌሩ በሐዘን አንድ ጣቱን አሳየን። ሀናን አልተደናገጠችም። «አንቱ ቅደሚ። ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ውረጂ፤ የአውቶቡሱ ድምፅ ማጉያ ስሙን ይነግርሻል። እኔ ቀጥሎ ባለው እመጣለሁ። ኦኬ?»

ገባሁ። ዊልቼር በአውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቆመው። የሚመጣውን ሳይሆን ያለፈውን እያየሁ ወንዙን ተሻገርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፌርማታ ቆጠርኩ። ከዚያ ድምፁ የማልይዘው ነገር ተናገረና አውቶቡሱ ታጠፈ። ሰዎች አጉረመረሙ። ለካስ መንገድ ተዘግቶ ኖሮ አቅጣጫ ቀይሯል። አራት ብዬ የምቆጥረው ጠፋ። ሲጨንቀኝ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ምላሱ ወጣ፣ ወረድኩ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ሀምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የማላውቀው መንገድ ላይ፣ በማላውቀው ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ደሴ ብሆን አምስት ሰው ይከበኝ ነበር፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ዘመዴን ያጣራል፣ አንዷ ውኃ ታመጣለች። እዚህ ሰው ሁሉ በፈገግታ እያለፈኝ ይሄዳል። ሀናን ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ለንደን» አልኩ።

ውሻ የያዙ አንድ አዛውንት ሳቄንና ልቅሶዬን መለየት አቅቷቸው ቆሙ። ስልኩን ሰጠኋቸው፤ የቦታውን ስም ለሀናን ነገሯት። ከዚያም «እስክትመጣ አብሬዎት ልቁም?» ብለው ጠየቁኝ። ቆሙ። ውሻው ራሱን ጭኔ ላይ ጣለ። እኔ ውሻ አልነካም፤ ያን ቀን ግን አልገፋሁትም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሀናን በእግረኛ መንገዱ ላይ እንደ ንፋስ ስትመጣ አየኋት። ሰዎችን በግራ በቀኝ እያለፈች፣ ከእግረኛ መንገድ ወርዳ እየወጣች፣ ፀጉሯ ከሻርፗ አምልጦ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እኔ እሷን ልረዳ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

«አብሽሪ አክስቴ» አለችኝ፣ የአባቷን ወሎዬነት በእንግሊዝ ቅላጼ። «እኔ መጀመሪያ ብቻዬን አውቶቡስ የያዝኩ ቀን ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዌምብሊ ነው የተገኘሁት። አባ እስከ ዛሬ አያውቅም።» ይኼን እንድጽፍ በኋላ ፈቅዳልኛለች።

ሦስተኛው ግቢ ደግሞ በደንብ ቢፈትሹት ሁለት ትልልቅ ጉድለት አለው። ከመንገዱ እስከ ዋናው ሕንፃ ረዥም ዳገት ነው፤ የደሴን ያህል ባይሆንም ትንፋሽ ይነሣል። የዶርሙ አንዱ አሳንሰር ደግሞ ተበላሽቶ ነበር። በሩ ላይ ግን መቼ እንደተበላሸ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ እስከዚያ በየት እንደሚሄዱ የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ቤተ ሙከራው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ወጣን። ሃያ ተማሪዎች ነጭ ጋውን ለብሰው ይንጫጫሉ። መሀላቸው ካሉት ጠረጴዛዎች ሁለቱ ቁልፍ ሲነኳቸው ከፍና ዝቅ ይላሉ። ሀናን ሥሩ ገባች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ማርጋሬት የምትባል ሽበታም ሴት ናት።

«ኬሚካል ቢፈስብኝ፣ ከላይ ውኃ የሚለቀውን የአደጋ መታጠቢያ ገመድ እደርስበታለሁ?» አለች ሀናን። እጇን ዘረጋች፤ አንድ ስንዝር ጎደላት።

ማርጋሬት ቀላች። «ይኼ ልክ አይደለም። እስከ ዛሬ ያልታየን መሆኑ ያሳፍራል» አለችና ወለሉ ላይ ተንበርክካ በሜትር ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። «ሌላስ? ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«እሳት ቢነሣ? አሳንሰር አይሠራም። ሌላ ቦታ ጠይቄ ክፍል ውስጥ ሆነሽ እርዳታ ጠብቂ ነው ያሉኝ።»

«እኛ የደረጃ መውረጃ ወንበር አለን፣ የሠለጠኑ ሰዎችም አሉ። መሞከር ትፈልጊያለሽ?»

ሀናን ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ሰይጣን አየሁ። «አክስቴ ትሞክርልኝ።»

እምቢ ለማለት ጊዜ አልሰጡኝም። በጠባብ ወንበር አሠሩኝ፤ ከሥሩ እንደ ታንክ ሰንሰለት ያለ ነገር አለው። አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ ያዘችኝና በደረጃው አፍ ላይ ስታዘነብለኝ «ያ አላህ!» ብዬ የጮህኩት ሕንፃውን ሞላው። ግን አልወደቅኩም። እርከን በእርከን፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ቅቤ ወረድኩ። ታች ስደርስ ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ ደረጃ ስወርድ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሚስ ዶሮቲ ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ ይይዙት የነበረ የአልሙኒየም ክራንች ይዘውልኝ መጡ። ከእንጨቱ ይቀላል፤ በቁመቴ አስተካከልነውና ቤት ውስጥ እንደገና ሰው ሆንኩ።

ምሳ ላይ ሀናን «ሦስተኛውን ነው የምፈልገው» አለች። ራሕመት ስለ ሁለተኛው ስም አንድ ሁለት ነገር አለችና «የምትኖሪው አንቺ ነሽ» ብላ ለቀቀች። ሰይድ ግን የአውቶቡሱን ነገር ሰምቶ ኖሮ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እህቴን መንገድ ላይ ጥለሻት! ነገ አንቺስ ብትጠፊ? ማን ይደርስልሻል? እኔ ወንዝ ማዶ ነኝ!»

«አባ፣ እኔ ነኝ ፈልጌ ያገኘኋት።»

«ቅርቡ ምን ጎደለው? እኔ አለሁ አይደል? አደርስሻለሁ፣ አመጣሻለሁ!»

ሀናን እንባዋ መጣ፤ ዊልቼሯን አዙራ ወደ ክፍሏ ገባች። ራሕመትም ተከተለቻት። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «ተናገሪያ እታለም። አይቼ ብለሽ ነበር።»

ለአርባ ዓመት ያልነገርኩትን ነገር ያን ጊዜ ነገርኩት።

«ሰይድ፣ አንተ በምታዝለኝ ዘመን ጠዋት ጠዋት ውኃ አልጠጣም ነበር።»

«ለምን?»

«ትምህርት ቤት ሽንቴ ከመጣ አንተን ከክፍልህ ማስጠራት አለብኝ። ኳስ ጨዋታህን ትተህ ትመጣለህ። ስለዚህ እስከ ማታ ከንፈሬ ይደርቃል እንጂ አልጠጣም። ደግሞ አንድ ቀን ተጣልተን ታስታውሳለህ? እርሳሴን ሰብረህብኝ?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ልቤ እስኪነድ ተናድጄብህ ነበር። ግን ሲደወል ጀርባህ ላይ መውጣት ነበረብኝ። ተጣልቶ ማኩረፍ እንኳን የሚቻለው በእግሩ ለሚሄድ ነው። ሰው ጀርባ ላይ ሆነህ አይኮረፍም።»

ሰይድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ «ታዲያ በደልኩሽ?» አለ፣ ድምፁ የስምንት ዓመቱን ልጅ መስሎ።

«አንተ ባትኖር እኔ ዛሬ ማንበብ አልችልም ነበር። ያኔ ከጀርባህ ሌላ መንገድ አልነበረም። ለእሷ ግን አለ። እኔ ወርጄበት አየሁት፤ ጮኼበታለሁም።»

ሳቀ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ የሀናንን በር አንኳኳ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ አሳዪኝ» ሲላት ሰማሁ። «ግን እፈትሻለሁ። ሹፌር ነኝ፣ ራምፕ አውቃለሁ።»

ዓርብ

እውነትም ፈተሸ። ሁሉንም መወጣጫ በጫማው እየመታ፣ የበሩን ስፋት በክንዱ እየለካ፣ «ይኼ ሲረጥብ ያንሸራትታል» እያለ ማርጋሬትን ደብተሯን እንድታወጣ አደረጋት። ማርጋሬትም ወደደችው። የገመዱን ነገር አስተካክለው ነበር፤ ሀናን እጇን ዘርግታ ያዘችው።

የቀረው ያ ዳገት ነው። ሰይድ ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ አየ። «ይኼን በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እታለም፣ ተነሺልኝ» አለኝ። ክራንቼን ይዤ ተነሣሁ፤ ዊልቼሬ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡስ የሚያሽከረክር ክንድ ነውና ሲጀምር ፈጠነ። ወደ ግማሽ ሲደርስ ግን ቀኝ እጁ በለጠና ወደ ሣሩ ታጠፈ፤ ሊያስተካክል ሲል ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። «ያዙኝ!» አለ። ሁለት ተማሪዎች ሊሮጡ ሲሉ ሀናን ቀድማ ደረሰች። ዊልቼሯን ከኋላው አግድም አቁማ አገደችው።

«አባ፣ አትታገለው። ትንሽ ትንሽ ግፋ። በሁለቱም እጅህ እኩል። ወደ ላይ ነው የምታየው።»

«እየደከመኝ ነው።»

«ሲደክምህ በሰያፍ ቁም፣ አትንሸራተትም። እንደዚህ። እረፍ። አሁን እንደገና።»

ጎን ለጎን ወጡ፤ እሷ እየጠበቀችው። ከታች ሆኜ ሳያቸው የሰይድ ጀርባ ከላብ የተነሣ ሸሚዙ ተጣብቆበት ነበር። ጫፍ ሲደርሱ ለረዥም ጊዜ ሲተነፍስ ቆየና እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። መዳፉ ቀልቷል። ከዚያ የልጁን እጅ ወስዶ መዳፏን አየ፤ ጠንካራ ነው፣ እንደ ገበሬ መዳፍ የደደረ። እዚያ ቤት ሁልጊዜ የነበረ እጅ ነው፤ እንዲያ አድርጎ አይቶት ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።

ሀናን ስልኳን አወጣች። «ይኼን ግቢ መርጫለሁ የሚለውን ልጫነው?»

«ቢስሚላህ በይ» አላት።

ቅዳሜ

ከሚስ ዶሮቲ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሸኘኝ። በሂትሮው ዊልቼር ሲያመጡልኝ ምንም ሳልል ተቀመጥኩና «እጀታውን ልቀቁልኝ፣ እኔው እነዳለሁ» አልኩ። ሠራተኛዋ ሳቀች። እስከ በሩ ድረስ ግድግዳ የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ትምህርት ከተጀመረ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍል እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ፤ አላነሣም ነበር፣ ሀናን መሆኗን አይቼ አነሣሁ።

«አክስቴ፣ አንቱ ሥራ ላይ ነሽ?»

«ምን ሆንሽ?»

«ቤከር ሰበርኩ! ትልቁን የመስታወት! ክፍሉ ሁሉ ሰማ። አንድ ልጅ ሲያግዘኝ የራሱን ጣለና እሱም ሰበረ። ማርጋሬት ሁለታችንንም አስጠረገችን። ከክፍል በኋላ ሁላችንም ፒዛ ልንበላ ነው።»

እልል ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምን ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ሥልሳ ተማሪ ያየኛል፤ «ቲቸር፣ ደኅና ነው?» አለኝ አንዱ ከኋላ። «ደኅና ነው» አልኩ። «የወንድሜ ልጅ ዕቃ ሰብራ ነው።» ለምን እልል እንዳልኩ ግን አልነገርኳቸውም።